ቃታ ስስብ እበረግጋለሁ፤ ምን ይሻለኛል?

የኦሮራው_ጀማሪ | ነሐሴ 9

ሰላም ለዚህ ቤት። እስካሁን ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ። ዛሬ ግን ለማንም ያልነገርኩትን ይዤ መጥቻለሁ፤ ስሜ ስለማይታይ ድፍረት አገኘሁ።

ኮሎራዶ ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። አደን የጀመርኩት ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሥራ ባልደረባዬ ጉትጎታ ነው። አምና በሦስተኛው የጠመንጃ ወቅት የሴት ኤልክ ፈቃድ ወጣልኝ። ኤልክን ለማታውቁ፣ ፈረስ የምታህል የአጋዘን ዘር ናት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በ140 ያርድ ርቀት ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ጠመንጃውን ግንድ ላይ አስደግፌ፣ ሳልቸኩል አነጣጥሬ ተኮስኩ። ከእሷ አሥር እርምጃ ወዲህ አፈር ቦነነ። ቀና ብላ አየችኝና እንደ እመቤት ረጋ ብላ ጫካ ገባች።

ባልደረባዬ «ስኮፕህ (ማነጣጠሪያ መነጽሩ) ተነቃንቆ ይሆናል» አለኝ። በማግስቱ የተኩስ ሜዳ ሄደን በእኔው ጠመንጃ ሦስት ጊዜ ተኮሰ፤ ሦስቱንም በቡና ስኒ አፍ ልክ ሰበሰባቸው። ስኮፑ ደህና ነው። ችግሩ እኔ ነኝ።

ከዚያ እየተኮስኩ በስልክ ቀረጸኝ። ቪዲዮውን ሳየው አፈርኩ። ቃታውን ልስብ ስል ዓይኔ ይጨፈናል፣ ትከሻዬ ወደ ፊት ይወረወራል፣ አፈሙዙ ይደፋል። ይሄ ሁሉ ጥይቱ ሳይወጣ ነው! ጅብ የሸተታት በቅሎ ነው የምመስለው።

ጠመንጃው .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ነው፤ ከነስኮፑ 7 ፓውንድ ይመዝናል። ሻጩ «ለኤልክ ከዚህ በታች አትያዝ» ብሎኝ ነው የገዛሁት። በመጀመሪያው ቀን ስኮፑ ቅንድቤን ከፈለኝ። ለባለቤቴ የመኪና በር ነው የመታኝ ብያታለሁ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። አያቴ በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበር፤ ያደግኩት ግድግዳ ላይ ጠመንጃ እያየሁ ነው። አባቴ ደውሎ «ግዳይ ጣልክ ወይ?» ሲለኝ ፈቃድ አልወጣልኝም ብዬ ዋሸሁት። ዘንድሮም በዚያው ወቅት ፈቃድ አለኝ። ሦስት ወር ገደማ ቀርቶኛል። ምን ይሻለኛል?

ቆራጡ | ነሐሴ 9

ወንድ ልጅ በገዛ ጠመንጃው ይበረግጋል? ደግሞ የመንዝ ልጅ ነኝ ትላለህ! መድኃኒቱ አንድ ነው፤ 100 ጥይት ግዛና በአንድ ቀን ጨርሰው። ትከሻህ ሲደነዝዝ ይለቅሃል።

ቀለህ_ለቃሚ | ነሐሴ 9

ቆራጡ፣ ይህችን ምክር ሰምቼ ነው እኔ ሁለት ዓመት የባከንኩት። ትከሻዬ እንደ በለስ ጠቁሮ ስመለስ የተረፈኝ የባሰ መበርገግ ነበር። ሰውነት ከሕመም ይማራል፣ ልክ ነህ፤ ግን የሚማረው መሸሽን ነው። በበረገግክ ቁጥር የተኮስከው ጥይት አንድ የመበርገግ ትምህርት ሆኖ ይቆጠርልሃል። መቶ ጥይት፣ መቶ ትምህርት።

ጀማሪው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይህችን ነገር በደንብ ተረዳት። ጥይቱ ከተለኮሰ በኋላ ከአፈሙዝ ለመውጣት ሁለት ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ሰው ደንግጦ ዓይኑን ለመጨፈን በጣም ቢፈጥን 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ስለዚህ በድምፁ ወይም በርግጫው ደንግጠህ ኢላማ ልትስት አትችልም፤ በዚያ ጊዜ ጥይቱ ሄዷል። አንተ የምትሸሸው ገና ያልመጣውን ነው። ዱላ ሲነሳ ሳይመታው ጭንቅላቱን እንደሚሸፍን ልጅ ማለት ነው። ከጀግንነት ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሁለተኛ፣ ጠመንጃህ። የ.300 ማግነም ርግጫ በ7 ፓውንድ ጠመንጃ 30 ፉት ፓውንድ (የርግጫ ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይደርሳል። 30-06 የሚባለው ጥይት በ8 ፓውንድ ጠመንጃ 20 አካባቢ ነው። ትንሹ .243 ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ10 አይበልጥም። የጀመርከው ከላይኛው ደረጃ ነው። መዋኘት ሊማር ዓባይ ላይ የተወረወረ ሰው ውኃ ቢፈራ ማን ይፈርድበታል?

ሰናይት_ዘቨርጂኒያ | ነሐሴ 10

እኔ ሴት በመሆኔ ማንም «ትልቁን ያዢ» አላለኝም፤ ይሄ እንደ ዕድል ሆነልኝ። ባለቤቴና ጓደኞቹ ማግነም ማግነም ሲሉ እኔን በትንሿ .22 ጠመንጃ አስቀመጡኝ፣ ቀጥሎ በ.243። በዓመቱ ከሁሉም የተሻልኩ ተኳሽ ሆኜ አረፍኩት። አንዳቸውም ግን ጠመንጃቸውን አልቀየሩም፤ ከመሳት ማፈር ይበልጣል መሰለኝ።

ወንድሜ፣ ስለ ቅንድብህ ልንገርህ። ስኮፕ ሲገጠም ዓይንህ ከመስታወቱ ሦስት ኢንች ተኩል ያህል መራቅ አለበት። ሻጩ በራሱ አንገት ልክ ገጥሞልህ ይሆናል። ጉንጭህን ሰደፉ ላይ አሳርፈህ ዓይንህን ጨፍን፣ ከዚያ ክፈት። ምስሉ ሙሉ ካልሆነና አንገትህን ማስረዘም ካስፈለገህ ስኮፑ ይነሳና በትክክል ይተከል። የሰደፉም ርዝመት ይለካ። ለእኔ የመጣው አንድ ኢንች ይረዝምብኝ ስለነበር በክንዴ ላይ ነበር የሚያርፈው፤ አስቆረጥኩት። ሰደፉ ከአንገት አጥንት ሥር ባለው ጎድጓዳ ቦታ ጥብቅ ብሎ ይቀመጥ። ላላ አድርገህ ከያዝከው ተንደርድሮ ይመታሃል፣ ካስጠጋኸው ግን ይገፋሃል እንጂ አይመታህም።

አንዴ የከፈለህን ነገር ፊትህ ፈርቶ ቢሸሸው አይገርምም። ለባለቤትህም እውነቱን ንገራት፤ ቀድማ አውቃዋለች።

አባ_ስሙኒ | ነሐሴ 11

ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ ዴንቨር ስኖር 30 ዓመት አልፎኛል። እዚህ አገር ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ ካልተማረ የአደን ፈቃድ አይሰጠውም። «እኔማ የ1948 ነኝ» ብዬ በእኛ አቆጣጠር ላመልጥ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ከ12 ዓመት ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ተማርኩ።

አባቴ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ዘምቷል። የያዙት ኤም ዋን ነበር፤ ጥይቱ ያው ዛሬ እናንተ አጋዘን የምታድኑበት 30-06 ነው። ያ ጠመንጃ ግን ከ9 ፓውንድ በላይ ነው፤ በዚያ ላይ ከፊል አውቶማቲክ ስለሆነ ርግጫውን ያለዝበዋል። አንተ ከእሱ የሚበልጥ ጥይት በቀላል ዱላ ላይ ይዘህ ነው የምትሠቃየው።

አባቴ እኔን ያስተማረኝ አንድ ጥይት ሳያስተኩሰኝ ነው። ክረምቱን ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ በባዶ ምኒሽር። አፈሙዙ አጠገብ ስሙኒ ያስቀምጥና ቃታ ሳብ ይለኛል። ስሙኒው ከወደቀ እንደገና። ሳይወድቅ አሥር ጊዜ ከሳብኩ ስሙኒው የእኔ ነው። በዚያ ዘመን በስሙኒ ስንት ነገር ይገዛ ነበር! ወር ሙሉ አንድም አላገኘሁም። ኋላ ግን አባቴን አከሰርኩት።

«ቃታ አይነጠቅም፣ እንደ ሎሚ ይጨመቃል» ይለኝ ነበር። ሎሚ ስትጨምቅ የመጀመሪያዋ ጠብታ የትኛዋ ቅጽበት ላይ እንደምትወድቅ አታውቅም። ጥይቱም ልክ እንደዚያ ሳታስበው ይውጣ። «አሁን!» ብለህ የምትስብ ከሆነ ግን ሰውነትህም «አሁን» የምትለዋን ቃል ሰምቶ ይዘጋጃል።

እንዲህ አድርግ። ጠመንጃውን ባዶ አድርግ፤ በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። ጥይቱን ሌላ ክፍል ቆልፍበት። አፈሙዙን ከኋላው ሰው ወደሌለበት ግድግዳ አዙር። ማታ ማታ 20 ጊዜ ሳብ፣ ከ20 አትለፍ፤ ሲሰለችህ መንጠቅ ትጀምራለህና። ከሳብክ በኋላ ቃታውን አትልቀቅ፣ ይዘህ ቆይና በስኮፑ ውስጥ ያለው መስቀል የት እንደነበር ጮክ ብለህ ተናገር። «ግራ ሄደ»፣ «አልተነቃነቀም» በል። ራስህን አትዋሽ።

ቆራጡ | ነሐሴ 11

ጋሼ፣ ለእርስዎ አክብሮት አለኝ። ግን ኤልክ በስሙኒ አይወድቅም። ትልቅ አውሬ ትልቅ ጠመንጃ ይፈልጋል።

አባ_ስሙኒ | ነሐሴ 11

ልጄ ቆራጡ፣ ካራሞጆ ቤል የሚሉት ስኮትላንዳዊ በምዕራብ ኢትዮጵያም ጭምር ያደነ ሰው ነው። ከ1,000 በላይ ዝሆን ገድሏል፤ አብዛኛውን በ7 ሚሊ ሜትር ጥይት። ሥራው ደግ ነው አልልህም፤ ዝሆኖቻችንን ጨርሶብናል። ግን አውሬ የሚወድቀው ጥይቱ በሚያርፍበት ቦታ እንደሆነ ከእሱ በላይ ያስመሰከረ የለም። የሳተ ማግነም ካልሳተ ወንጭፍ አይሻልም።

የባሌው | ነሐሴ 12

ከአገር ቤት። ባሌ ውስጥ በአደን ካምፕ ሠርቻለሁ። ከውጭ የሚመጡ አዳኞች የደጋ አጋዘን ፍለጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተው በሸለቆ ማዶ ነው የሚተኩሱት። ሁሉም ካምፕ ሲደርሱ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ይተኩሳሉ። ባለሙያው ካርቶኑን አያይም፤ የሚያየው ሰውየውን ነው። ዓይኑን ከጨፈነ ያን ቀን መቶ ሜትር ድረስ ካላስጠጋው አያስተኩሰውም። ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚመጡ፣ 20 ዓመት ያደኑ ሰዎችም ሲበረግጉ አይቻለሁ። አትፈር።

ከኦስሎ_ሰሜን | ነሐሴ 12

ስለ ጆሮ የተናገረ ሰው የለም፤ እኔ ግን ግማሹ በሽታ ድምፅ ነው ባይ ነኝ። የአደን ጠመንጃ ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ እንዲህ ያለ የቅጽበት ድምፅ ጆሮ የሚጎዳው ከ140 ጀምሮ ነው። ብዙ ሰው ትከሻዬን አመመኝ ይላል እንጂ ሰውነቱ የሚሸሸው ጩኸቱን ነው። ስፖንጅ መድፈኛ ከውስጥ፣ ትልቁን መከላከያ ከላይ ደርብ። የሁለቱ ቁጥር አይደመርም፤ ሁለተኛው የሚጨምረው 5 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው። ለሚበረግግ ሰው ግን ትልቅ ልዩነት አለው።

እዚህ ኖርዌይ ድምፅ ማፈኛ በቀላሉ ነው የሚገዛው፤ ብዙ አዳኝ አለው። ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ርግጫውንም ያለዝባል። ትልልቅ አውሬ ለማደን በየዓመቱ ፈተና አለብን፤ በ100 ሜትር አምስት ጥይት፣ አምስቱም በ30 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ። እኔ እንዳየሁት ብዙው የሚወድቀው በመበርገግ ነው።

ቀለህ_ለቃሚ | ነሐሴ 12

በኮሎራዶም በማፈኛ ማደን ይፈቀዳል፤ ግን የፌዴራል ምዝገባ አለው። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመውን ብሬክ ግን አልመክርህም። ርግጫን በእርግጥ ይቀንሳል፣ ጩኸቱን ግን ወደ ጆሮህና ወደ ጎረቤትህ ይመልሰዋል። አንዱን ሰይጣን አስወጥተህ ሌላውን ማስገባት ነው። እኔ አጠገቤ ባለብሬክ ከተቀመጠ ዕቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ።

ሌላ ደግሞ፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተህ አትተኩስ። ያኔ ሰውነትህ ወደ ኋላ መሸሻ ስለሌለው ርግጫውን ሙሉውን ትውጠዋለህ። ማስደገፊያውን ከፍ አድርገህ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፤ ስኮፑን ካስተካከልክ በኋላ ተነስና ቆመህ በምርኩዝ ተኩስ። ያው ጠመንጃ ግማሽ ሆኖ ይሰማሃል።

ዋናው ፈተና ደግሞ ይሄ ነው። ባልደረባህ ያጉርስልህ። አንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዴ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት፣ አንተ ሳታይ። ቃታው «ቀጭ» ብሎ ሲቀር አፈሙዙ ከደፋ ገመናህ ወጣ። ከአሥሩ በስንቱ እንደደፋ ጻፍና እዚህ አምጣልን።

የኦሮራው_ጀማሪ | ነሐሴ 21

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውርደቴን ልንገራችሁ፤ ከአሥር የልምምድ ጥይት በስምንቱ ደፋሁ። አንዱን ጊዜማ ቀጭ ሲል ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ባልደረባዬ ሳቁን ለማፈን መኪናው ውስጥ ገባ።

ጋሼ፣ በስሙኒ ፋንታ ኳርተር (የአሜሪካ ስሙኒ) አስቀምጬ እየሠራሁ ነው። ልጄ ቆጣሪ ሆናለች፤ በወደቀ ቁጥር ለእሷ ነው። እስካሁን 14 ዶላር በልታኛለች። ስኮፑን አስነስቼ አስተካከልኩት፤ እህቴ ሰናይት እንዳለችው አንድ ኢንች ያህል ወደ ፊት መሄድ ነበረበት። ለባለቤቴም ነገርኳት። «የመኪና በር ክብ ነው እንዴ ብዬ ነበር» አለችኝ።

.300ውን አስቀምጬ ከባልደረባዬ .22 ተውሻለሁ። ያለ ሐፍረት ጥያቄ፦ .243 ለኤልክ ይሆናል?

ቀለህ_ለቃሚ | ነሐሴ 21

በሕጉ ይሆናል። ኮሎራዶ ለኤልክ ከ.24 ኢንች ስፋት ጀምሮ፣ ጥይቱ ከ85 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ) ካላነሰ ይፈቅዳል። እኔ ግን ለአንተ አልመርጠውም። ቅርብ ርቀትና ትዕግስት ይጠይቃል፤ ለጀማሪ ስህተት ይቅርታ የለውም። መሀል ላይ ያሉትን እይ፣ 7 ሚሊ ሜትር-08 ወይም 6.5 ክሪድሞር። ርግጫቸው ከማግነሙ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

አብዱ_ሚኒሶታ | ነሐሴ 22

ወንድም፣ ሌላም አለ። እኔ ሳልተኩስ በፊት «ቢስሚላህ» ማለት ግዴታዬ ነው፤ ሳልላት ከተኮስኩ ሥጋውን አልበላም። ሃይማኖቱ ነው ያስተማረኝ፤ ግን ያቺ ቃል እጄንም እንደምታረጋጋው ቆይቶ ነው የገባኝ። ትንፋሼ አብሯት ይወጣል፣ ግማሹ ሲቀር ቃታውን መጭመቅ እጀምራለሁ።

ሰናይት_ዘቨርጂኒያ | ነሐሴ 22

እኛ ጋ ደግሞ ነፍሷ ሳይወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ መባረክ አለ። የመጀመሪያ አጋዘኔን ወድቃ ሳገኛት ሞታ ነበር፤ ቢላዬን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ። ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አትጀምሩት፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ቆራጡ | ነሐሴ 23

እሺ። የጠመንጃ ክር ላይ ለቅሶ ተጀመረ። (ስለ 100 ጥይቱ ያልኩትን ግን እዚህ ላይ አነሳለሁ። ትናንት ወንድሜ ባላየሁት ጊዜ የልምምድ ጥይት አጎረሰልኝ። ዝርዝሩን አልናገርም።)

አባ_ስሙኒ | ነሐሴ 23

ቆራጡ፣ ዛሬ ገና ስምህን አገኘኸው።

የኦሮራው_ጀማሪ | መስከረም 19

መልካም አዲስ ዓመት፣ ለመስቀልም እንኳን አደረሳችሁ። ያገለገለ 7 ሚሊ ሜትር-08 ገዛሁ፤ ከነስኮፑ 8 ፓውንድ። በሳምንት አንድ ቀን ሜዳ እወጣለሁ። መጀመሪያ 30 ጥይት በ.22፣ ቀጥሎ ከትልቁ አሥር ብቻ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና አምስት በ.22። እነዚያን አምስት ከማን እንደሰማሁ ረሳሁ እንጂ ወደ ቤት የሚሸኙኝ እነሱ ናቸው፤ ሰውነቴ ለሳምንት የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው መሰለኝ። የጆሮ መከላከያዬንም ደርቤ ነው።

ትናንት ከአሥር በሁለቱ ደፋሁ። ሁለቱም ከስምንተኛው ጥይት በኋላ፣ ስደክም።

ከኦስሎ_ሰሜን | መስከረም 20

እንግዲያው በሰባት አቁም።

የኦሮራው_ጀማሪ | ኅዳር 8

ከአደን ገባሁ። ሦስት ቀን በረዶ ውስጥ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን 200 ያርድ ላይ አንዲት ቆማ ነበር፤ ማስደገፊያ አልነበረኝምና ልቤም በጉሮሮዬ ልትወጣ ስለነበረ ተውኳት። ባልደረባዬ ተናደደ። እኔ ግን አምና ብሆን እንደምተኩስ ስለማውቅ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሊመሽ ሲል በ110 ያርድ አንዲት ወጣች። ምርኩዜ ላይ ሆኜ ጨመቅኩት። ሲወጣ መስቀሉ ከትከሻዋ ኋላ እንደነበር አየሁ፤ ዓይኔ ክፍት ነበር ማለት ነው። አርባ እርምጃ ያህል ሄዳ ወደቀች። ድኛለሁ ብዬ ግን አልፎክርም። በማግስቱ ለመዝናናት ስንተኩስ ባልደረባዬ ሳላይ የልምምድ ጥይት አጎረሰልኝና ደፋሁ። እንደ ወባ ሳይሆን አይቀርም፣ ተደብቆ ይቆያል።

አባቴ ጋ ደወልኩ። የዘንድሮውን ነገርኩት፤ የአምናውንም ጭምር። ዝም ብሎ ቆየና «እኔም እኮ አንዴ...» ብሎ ጀመረ፣ ካርዱ አለቀ። ነገ እደውላለሁ።

.300ው ለሽያጭ ቀርቧል። ገዢ ካለ ቅንድቡን ይጠብቅ።

ሰናይት_ዘቨርጂኒያ | ኅዳር 8

እልልል! ግን ለጾመ ነቢያት አንድ ሳምንት ነው የቀረህ። ያን ሁሉ ሥጋ ማን ሊጨርሰው ነው?

የኦሮራው_ጀማሪ | ኅዳር 8

ባለቤቴ ከጧት ጀምሮ እየዘለዘለች ነው። ጋራዡ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ዘርግተናል፣ ቋንጣው ለገና ነው። ጋሼ አባ ስሙኒ፣ አድራሻዎን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ።